ጠበቃዋ ያልጠየቀችው ማገዶ

ኦደሊ ሚሾ በዕድሜዋ ድንች ገዝታ አታውቅም። በእኛ ሸለቆ፣ ወንዙን ሲሻገሩ ካናዳ በሚገባበት በአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ጫፍ፣ ጠበቃ ድንች ስትገዛ ከታየች ሥራ ፈታለች ማለት ነው። የወሰን ክርክር የረታችለት ገበሬ በመከር ጊዜ በረንዳዋ ላይ አንድ ጆንያ ጥሎ ይሄዳል። የሽያጭ ውል ያጻፈ አዳኝ የአጋዘን ጭን ተሸክሞ ይመጣል። ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ሽሮፕ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ያልመጣ ነገር የለም። ገንዘብም ይመጣል፤ ግን ዘግይቶና አንገቱን ደፍቶ። እኔ ጸሐፊዋ ሪና ኡዌሌት ከዚያ ሁሉ ስጦታ ድርሻዬን አላጣሁም፤ ወገቤን ያየ ይመስክር።

እጃችንን የሚያስር አንድ ዓይነት ጉዳይ ብቻ ነበር። የክትባት ጉዳይ።

ክትባት ጎድቶኛል የሚል ሰው እኛ አገር ከሐኪሙ ጋር አይካሰስም። አቤቱታው ዋሽንግተን ላለ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከረታ ካሳው የሚከፈለው ከእያንዳንዱ ክትባት ላይ እየተቀነሰ ከሚጠራቀም ገንዘብ ነው። ጠበቃውም የሚከፈለው ከዚያው ነው። ደንበኛው ቢሸነፍ እንኳ፣ አቤቱታው በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ ከሆነ፣ ዳኛው ተገቢ ነው ያለውን ያህል ለጠበቃው ይቆርጥለታል። ከደንበኛው ግን ሰባራ ሳንቲም መቀበል ክልክል ነው። ደግ ሕግ ነው፤ የታመመን ሰው ጠበቃ እንዳይግጠው የወጣ። ብቻ ያወጡት ሰዎች የእኛን ሸለቆ ሰው አያውቁትም። የእኛ ሰው በነፃ የተሠራለትን ነገር እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው።

አንድ ጊዜ አንዲት የክትባት ደንበኛ የፖም ፓይ ይዛ መጣች፤ ገና የሚተን። ኦደሊ "ሪና፣ መልሺላት" አለችኝ።

"ከበላን በኋላ ሳህኑን ብመልስላትስ?"

ፊቷን አጠቆረችብኝ። መለስኩት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኔ ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው።

ኦደሊ የድንች ማውጫ ማሽን ይጠግን የነበረ ሰው ልጅ ናት። ሕግ የተማረችው ታች ፖርትላንድ ነው፤ እዚያው ብትቀር ኖሮ ዛሬ ባሕር የሚያይ ቢሮ ይኖራት ነበር። ተመልሳ መጣችና የድሮ ጫማ ቤት ተከራየች። ለምን ተመለስሽ ሲሏት "የአባቴን ካፖርት ፖርትላንድ ውስጥ ብለብሰው ይስቁብኛል" ትላለች። ቀይና ጥቁር ዳማ ያለበትን የአደን ካፖርት ነው የምትለው። ስልሳ ካለፋት በኋላም የበረዶውን ወራት ሙሉ እሱኑ ነው የምትለብሰው፤ ክርኑን እኔ ሁለት ጊዜ ጥፌዋለሁ።

ዋሽንግተኖች የጠበቃን ሥራ የሚለኩት በስድስት በስድስት ደቂቃ ነው። ስልክ ደወልኩ፣ ስድስት። ደብዳቤ አነበብኩ፣ አሥራ ሁለት። ለዚህ ብላ ኦደሊ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ትንሽ የነሐስ ሰዓት አላት። ወሬው ስለ ጉዳዩ ሲሆን ሰዓቷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደንበኛው ስለ ላሙ ወይም ስለ ምራቱ ማውራት ሲጀምር ኦደሊ ሰዓቷን በግንባሯ ትደፋታለች፤ የተደፋችበት ጊዜ አይቆጠርም። የእኛ ሰው ደግሞ ስለ ላሙ ሳያወራ ስለ ሕመሙ አያወራም፤ ስለዚህ ያቺ ሰዓት ከቆመችበት የተደፋችበት ይበልጣል። "በዚህ አያያዝሽ በረሃብ ልታልቂ ነው" እላታለሁ። "ድንች አለን" ትለኛለች።

አጎቴ ሌዮ ዴግል የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ እኛ ዘንድ ከአባትሽ ጋር ድንች የለቀመ ሁሉ አጎት ነው። በመከሩ ዋዜማ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጉንፋን ክትባት ተከተቡ። እኔም ከኋላቸው ተሰልፌ ተከትቤያለሁ፤ ክንዴን አንድ ቀን ከመጠዝጠዝ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ እስከ ዛሬም በየዓመቱ እከተባለሁ። የእሳቸው ዕጣ ሌላ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ የእግር ጣቶቻቸው ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው ይከዳቸው ጀመር።

ግን መከር ነበር። በመከር ትምህርት ቤት እንኳ ይዘጋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የለም። እጁ የተቆረጠ ጨርቅ ጠምጥሞ ይጨርሳል። አጎቴ ሌዮ የድንች ማውጫው ማሽን ላይ ቆመው የብረቱን ዘንግ በአንድ እጃቸው አቅፈው ከድንቹ መሐል ድንጋይ ሲለቅሙ ከረሙ። ድንቹ ጎተራ ገብቶ፣ ጎተራው ተዘግቶ፣ ብርዱ ከጠና በኋላ ነው ሚስታቸው ኖኤላ እየደገፏቸው ሐኪም ዘንድ የሄዱት። ሐኪሙ መቼ ጀመረዎት ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ማንኛችንም የምንመልሰውን መለሱ። "ኧረ ሰሞኑን ነው፤ ይሄን ያህልም አይደል።" ሐኪሙ ያንኑ ጻፈ።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ያለው ሕመም ከክትባቱ በኋላ እስከ መቼ መጀመር እንዳለበት ገደብ አለው። በሐኪሙ ጽሑፍ ከሄድን የአጎቴ ሌዮ ሕመም የጀመረው ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ኦደሊ ለአራት ዓመት ተሟገተች። ቦስተን ያለ የነርቭ ሐኪም ቀጠረች፤ እሱን ለመክፈል ቤቷን አስይዛ ተበደረች። ኖኤላን አስመሰከረች፣ ማሽኑ ላይ አብረዋቸው የቆሙትን አስመሰከረች። ዝም አይነቅዝም እየተባልን ነው ያደግነው፤ ዋሽንግተን ላይ ዝምታም እንደሚነቅዝ ያኔ ገባን። ዳኛዋ ምስክሮቹ ቅን ሰዎች መሆናቸውን ጽፋ፣ ጊዜው ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም ብላ አቤቱታውን ውድቅ አደረገች።

አጎቴ ሌዮ ሲነገራቸው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩና "በቃ እንግዲህ" አሉ።

የቀረው የኦደሊ ክፍያ ነበር፤ የአራት ዓመት ሥራና የቦስተኑ ሐኪም ወጪ። ካልተፈቀደላት ቤቷን ባንኩ ይወስደዋል፣ ቢሮውም ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በሸለቆው እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዝ ሰው አይኖርም። የመንግሥት ጠበቃው ደግሞ አቤቱታው ከመነሻው በቂ ምክንያት ስላልነበረው ምንም አይገባትም ብሎ ጽፏል። ያቺ መስመር አጎቴ ሌዮን ከሽንፈቱ ይልቅ አመመቻቸው። ያለ ምክንያት መጣህ ማለት ዋሸህ ከማለት በምን ይለያል?

ማመልከቻው እንዲሟላ ደንበኛው አንዲት ወረቀት መፈረም ነበረበት፤ ለጠበቃዬ ምንም አልከፈልኩም የምትል። አጎቴ ሌዮ በሁለት ምርኩዝ፣ ኖኤላ ከኋላቸው ሆነው መጡ። ቀኑ ብርድ ስለነበር ምድጃው ይንቀለቀላል።

"እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ፣ አጎቴ ሌዮ" አለች ኦደሊ።

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ብዕሩን መልሰው አስቀመጡት።

"ይሄን አልፈርምም።"

"ምኑ ነው ያልገባዎት?"

"ገብቶኛል። ምንም አልከፈልኩም ይላል። ውሸት ነው።"

ኦደሊ ወደኔ ዞረች። እኔ ምን ቤት ነኝ? ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

"ለማን ከፈሉ?"

"ላንቺ ነዋ።"

"ምን?"

አጎቴ ሌዮ በምርኩዛቸው ጫፍ ወደ ምድጃው አመለከቱ። "አራት ክምር ሜፕል። የደረቀ።"

እኔና ኦደሊ ምድጃውን እንግዳ ሰው እንደገባ አድርገን አየነው። ባለፈው ዓመት ቦስተን ሐኪሙን አነጋግረን ስንመለስ የጓሮው ማገዶ ቤት ሞልቶ ነበር የጠበቀን። የኦደሊ ወንድም ልጅ ኖርማን ማገዶ አመጣለሁ ብሎ ገንዘብ ከወሰደ ወራት አልፎት ስለነበር፣ በመጨረሻ አመጣው ብለን አመሰገንነው። ኖርማንም ምስጋናውን ተቀበለ፤ እሱ ምን ቸገረው። ክምሩ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ፣ ልጡ ወደ ላይ ሆኖ ሳየው "ይሄ ልጅ መቼ ነው ሰው የሆነው?" ያልኩት ትዝ ይለኛል።

"ማን ደረደረው?" አለች ኦደሊ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

የመለሱት ኖኤላ ናቸው። "እሱ ነዋ። የድንች በርሜል ደፍቶ ተቀምጦ። እኔ ከመኪናው አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይደረድራል። ተው እግርህን ስለው 'እግሬ እንጂ እጄ መቼ ታመመ' ይለኛል።"

አንጀቴን በሉት። ኦደሊ ግን ጠበቃ ናት። "አጎቴ ሌዮ፣ ከእርስዎ አንዲት ፍልጥ መቀበል አይፈቀድልኝም። ስንቴ ነግሬዎታለሁ?"

"አልተቀበልሽም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

"አንድጄዋለሁ እኮ።"

"ማገዶ ታዲያ ለምን ይመጣል?"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"የሰጠ ሰው ያወራል እንዴ?"

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። "ኦደሊ፣ ማገዶ ገንዘብ ነው እንዴ? ይፈርሙና እንገላገል።"

"በዚህ ሸለቆ?" አለች። "ገንዘብ ነው እንጂ። እሳቸውም አይዋሹም፣ እኔም አላስዋሻቸውም።" ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ "ዋጋውን ልክፈልዎት" አለች።

አጎቴ ሌዮ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር። "ማገዶ ነጋዴ ነኝ? ወይስ አመዱን ልትመልሺልኝ ነው? ብድር በምድር ነው፣ የሚሾ ልጅ። አባትሽ በመከር መሐል ማሽኔን ሲጠግንልኝ ማታውኑ አሳማ አርጄ ሰጥቼዋለሁ። ነገ በሬሳ ሳጥኔ ዙሪያ ቆማችሁ 'ሌዮ በነፃ ተሟግቶ በነፃ ተሸነፈ' ልትሉኝ ነው?" ብለው ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ። ኖኤላ በሩ ላይ ዞር ብለው "ይበርድለታል" አሉን፤ ፊታቸው ግን እንደማይበርድላቸው ይናገር ነበር።

ያን ቀን ሰዓቷ ተደፍታ ዋለች።

አልበረደላቸውም። ማመልከቻው የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ ኦደሊ ዳኛዋ ዘንድ ደውዬ ሁሉንም እናገራለሁ አለች። "በገዛ አፍሽ ልትታነቂ ነው" አልኳት። ቤቱ አሳዝኖኝ ነው፤ የኔም እንጀራ እዚያው ነው ያለው፣ አልደብቅም። "ሪና፣ እኔን የሚያናድደኝ ኖርማንን ማመስገኔ ነው" አለችኝ።

ለስልክ ጉባኤው አጎቴ ሌዮንና ኖኤላን ጠራቻቸው። አጎቴ ሌዮ የመጡት ዳኛ ትጠብቃለች ስለተባሉ ብቻ ነው፤ ኦደሊን ቀና ብለው አላዩአትም። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ዳኛዋም የመንግሥት ጠበቃውም በመስመር ላይ ናቸው። ኦደሊ ቆማ ነገሩን ሁሉ ተናገረች፤ ማገዶውን፣ ኖርማንን፣ በርሜሉን። አንድም ነገር አልሸፋፈነችም።

መጀመሪያ የተናገረው የመንግሥት ጠበቃው ነበር፤ ድምፁ ገና የልጅ ነው። "ይቅርታ፣ አንድ ክምር ማለት ምን ያህል ነው?"

"ልጄ፣ ቤትህን በምንድን ነው የምታሞቀው?" አሉ አጎቴ ሌዮ።

"ግድግዳው ላይ የሚጫን ቁልፍ አለ፣ ጌታዬ።"

"ምስኪን" አሉ ኖኤላ።

ዳኛዋ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ "ሚስተር ዴግል፣ ጠበቃዎ ማገዶ ጠይቃዎት ነበር?" አለች።

"አልጠየቀችኝም።"

"የእርስዎ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"ብታውቅ ኖሮ አንድ በአንድ ትወረውርብኝ ነበር።"

"እንግዲያው አስከፍላዎታለች ልል አልችልም። ግን ማገዶውን ሞቃበታለች። ስለዚህ የገበያ ዋጋውን ትክፈልዎት፣ እርስዎም ይቀበሉ። ያኔ ወረቀቱ እውነት ይሆናል፣ መፈረም ይችላሉ።"

"አልቀበልም ካልኩስ?"

"ያኔ የእሷን ክፍያ መፍቀድ ይቸግረኛል።"

አጎቴ ሌዮ ያን ጊዜ ኦደሊን አዩአት። የተጣፈውን የካፖርቷን ክርን ብዙ ቆዩበት። "ስጦታዬ ልጅቷን ቤት አልባ ሊያደርጋት ነው ማለት ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እሺ፣ እቀበላለሁ። ግን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ።"

"ይጠይቁ።"

"ይሄ ባለ ቁልፉ ልጅ ያለ ምክንያት ነው የመጡት ብሎ ጽፏል። ተሸነፍኩ፤ ይሁን። ግን ያለ ምክንያት ነው የመጣሁት?"

የመንግሥት ጠበቃው ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀምሮ ተወው።

"እሱን በጽሑፍ ነው የምመልስልዎት፣ ሚስተር ዴግል" አለች ዳኛዋ። "በደንብ አስቤበት።"

"ጥሩ። እጠብቃለሁ።" ፈረሙ። ኦደሊ የጻፈችላቸውን ቼክ ሳያዩት ለኖኤላ አቀበሉ፣ ደህና ዋሉ ሳይሉም ወጡ። እኔ እንደ ገና ተጣሉ ብዬ አዘንኩ።

ውሳኔው የመጣው የወንዙ በረዶ መሰበር ሲጀምር ነው። ኦደሊ አብዛኛውን ተፈቅዶላታል፤ ቤቷ ተረፈ። በእርግጥ ቆራርጠውታል። ዋሽንግተን ተቀምጣ ብትሠራው ኖሮ ለአንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈላት ነበር፤ እዚህ ስለሆነች የእዚህ ዋጋ ነው፣ ያው ጭንቅላት ያው ሕግ ሆኖ ሳለ። እኔ ፖስታ ያሸግኩበትና ወረቀት ያባዛሁበት ሁሉ ተራ የቢሮ ሥራ ነው ተብሎ ተሰርዟል። ተራ ነው የተባለውን ፖስታ ባላሽገው ኖሮ ማን ያነብላቸው እንደነበር እንጃ። ይሄንን ንዴቴን ሳልጨርስ ኦደሊ ዝም በይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ለአጎቴ ሌዮ ደወለች። ሰዓቷን ደፋች። ከዚያ አንዲት አንቀጽ አነበበችላቸው።

ዳኛዋ እንዲህ ብላ ነበር፦ ሰውዬው ሐኪም ዘንድ የዘገየው ሕመሙ ስላልጀመረው ሳይሆን መከር ስለነበረ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ቀርቧል። ያ ማስረጃ ለማሸነፍ አልበቃም፤ ለመምጣት ግን በቂ ነበር።

"ቆዪ፣ ኖኤላ ትስማው" አሉ አጎቴ ሌዮ።

በተከታዩ መከር፣ መዝገቡ ተዘግቶ ሁሉም ክፍያ ካለቀ በኋላ፣ አጎቴ ሌዮ ሳይጠሩ መጡ። ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ኑዛዜ ጻፊልኝ" አሏት ኦደሊን።

"መሬቱን ለልጅዎ ሰጥተው የለ? ምን ቀረዎት?"

"እሱን እኔ ነኝ የማውቀው። ኑዛዜ የክትባት ጉዳይ ነው?"

"አይደለም።"

"ለኑዛዜ ማገዶ መቀበል ክልክል ነው?"

ኦደሊ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "አይደለም" አለች።

"እንግዲያው ኖኤላ ውጭ መኪናው ውስጥ ናት። አራት ክምር ነው፣ እየተመላለስን እናመጣዋለን። በርሜሌንም ይዣለሁ።" በዚያ ቼክ አዲስ የመጋዝ ሰንሰለት እንደገዙበት በኋላ ከኖኤላ ሰማሁ።

"ለአንድ ገጽ ወረቀት አራት ክምር ይበዛል፣ አጎቴ ሌዮ።"

"የኔ ኑዛዜ ውድ ነው። ጻፊ።"

ጻፈች። መጋዙ ለልጃቸው። ቫዮሊኑ ለትልቋ የልጅ ልጅ። ቫዮሊኑ ጋ ሲደርሱ የአያታቸው ወንድም በበረዶ ላይ ወንዙን ተሻግሮ እንዴት እንዳመጣው መተረክ ጀመሩ፤ ፈረሱን፣ ሰርጉን፣ የሰከረውን ቄስ። የኦደሊ እጅ እንደ ልማዷ ወደ ሰዓቷ ሄደ። አጎቴ ሌዮ ምርኩዛቸውን ዘርግተው እጇን አስቆሙት።

"ተያት፣ ትቁም። ዛሬ እየከፈልኩ ነው የማወራው።"

እጇን ሰበሰበች። ትረካውን እስከ መጨረሻው ሰማናቸው። የቀረውን ንብረት ሁሉ ለኖኤላ አሉ። ከዚያ "አንድ ይቀራል" አሉ።

"ይበሉ።"

"ለኦደሊ ሚሾ፣ ለማሽን ጠጋኙ ለክሌማን ሚሾ ልጅ፣ ምንም አልተውኩላትም። ምንም ዕዳ የለባትም፣ ምንም ዕዳ የለብኝም።"

ኦደሊ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። "እንዲህ ያለ ነገር ኑዛዜ ውስጥ አይገባም፣ አጎቴ ሌዮ። ሕጉ አይፈልገውም።"

"እኔ እፈልገዋለሁ።"

ጻፈችው። መነጽሯን አውልቃ በካፖርቷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

"አንብቢልኝ" አሉ።

አነበበችላቸው።

"እሷን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ።"

ሰዓቷ ቀጥ ብላ እንደቆመች፣ ኦደሊ ደግማ አነበበችላቸው።